ስም የለሹ ካርድ

ሶላንዥ የካርዱን ክምር በግራ እጇ ለሁለት ገመሰችው። ከዚያ በፊት ካርድ አንባቢዋ ኦኖሪን እንደ ልማዷ በጣቷ አንጓ ሦስት ጊዜ አንኳኩታበታለች፣ እንዲነቃ። ይህን የወረሰችው ከእናቷ ነው። እናቷ ግን ከማንም አልወረሰችውም፤ ደንበኛ ሥርዓት ሲያይ አርፎ ይቀመጣል ብላ ከራሷ ያወጣችው ነገር ነው። በፓኒዬ ሰፈር ካርድ የሚያስነብበው ሁሉ ዛሬም ድረስ ሳይንኳኳ የተነበበ ካርድ ይዋሻል ብሎ ይምላል።

"ቶሎ በይልኝ፣ እህቴ" አለች ሶላንዥ። "ክሌማንስ ምጥ ይዟት ጠዋት ክሊኒክ ገብታለች። 'እማዬ ነይልኝ' ብላ ደወለችልኝ። ሁለት ጊዜ አስወርዷታል፣ ታውቂያለሽ። ይሄኛው ይተርፍላት እንደሆነ አይቼ፣ ከዚህ ቀጥታ ወደሷ ነኝ።"

እህቴ! ኦኖሪን በልቧ ሳቀች። ይህችው ክሌማንስ የተወለደች ጊዜ ክርስትና እናቷ እንድትሆን የተጠራችው ኦኖሪን ነበረች። ሰማያዊ ባርኔጣ ገዝታ፣ ፀጉሯን ተሠርታ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ደረሰች። ሶላንዥ በዚያ የአሮጌውን ወደብ ዓሣ ገበያ በሚያናጋ ድምፅዋ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "ካርድ የሚገለብጥ እጅ ልጄን አይነካም!" ብላ ከበር መለሰቻት። ከሳምንት በኋላ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ፣ "ሰርዲን ልመዝንልሽ?" አለቻት። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

"አንድ ሳቢ።"

ሶላንዥ ሳበችና ገለበጠችው። አፅም ነው፤ ማጭድ ይዞ ጥቁር መሬት ላይ ራስና እጅ እግር ያጭዳል። ከሌሎቹ ዋና ዋና ካርዶች ግርጌ ስማቸው ተጽፏል፣ ከዚህኛው ግርጌ ግን ምንም የለም። የሰፈሩ ሰውም ስም የለሹ ይለዋል፤ ሲወጣበትም ኑዛዜ ያምረዋል።

የሶላንዥ ከንፈር አመድ መሰለ።

ይህ ካርድ በወጣ ቁጥር ኦኖሪን ደንበኛዋ ትንፋሽ ሳይስብ ፈጥና የምትለው ነገር አላት። "አትደንግጭ፣ ሞት አይደለም። አሮጌው ታጭዶ አዲስ ሊበቅል ነው።" ስንቱን ድንጉጥ በዚህ ቃል አረጋግታ ሸኝታለች። ለወላድ ሲሆን ደግሞ ከዚህ የተሻለ ካርድ የለም፤ እናቷ እንኳ በእርጉዝ ላይ ሲወጣ ታጨበጭብ ነበር። ዛሬም ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፣ ዋጠችው።

"ተናገሪ እንጂ! ምን ይላል?"

"አየሽው አይደል።"

"ለሷ ነው? ለሕፃኑ ነው?"

ኦኖሪን ጠርዙን ከጠረጴዛው ልብስ ጋር እኩል እስኪሆን ድረስ ካርዱን በጣቷ ገፋ ገፋ አደረገችው። ዝም ማለት ብቻውን እንዲህ ይጣፍጣል ብላ አስባ አታውቅም።

"የሳበው ያንቺ እጅ ነው" አለች በመጨረሻ። "ስም የለሹ ደግሞ የሳበው እጅ ላይ ተጣብቆ ይሄዳል። እሱን የሳበች ሴት ወላድ ያለችበት ክፍል አትገባም። ከገባች ይዛው ነው የምትገባው።"

እንዲህ የሚል ሕግ የለም። አሁን፣ እዚያው ወንበሯ ላይ ሆና የፈጠረችው ነው። ከአፏ ሲወጣ ግን ሰባት ትውልድ የቆየ መሰለ።

"ካልገባሁስ?"

"ካልገባሽ ሁለቱም ይተርፋሉ።"

"እስከ መቼ?"

"እስኪጠመቅ። እስከዚያ እጅሽ ልጁን አይነካም።"

ኦኖሪን ዓይን ዓይኗን አየቻት። አሁን ደጃፉ ትዝ ይላታል፣ ባርኔጣው ትዝ ይላታል፣ አሁን ጠረጴዛውን ገልብጣ እንደ ጥንቱ ትሰድበኛለች ብላ ጠበቀች። ስድቡን አምርራ ፈልጋው ነበር።

ሶላንዥ ግን ጎንበስ ብላ እጇን ሳመቻት። "እግዜር ይስጥሽ፣ የኔ እናት። ልጄን በገዛ እጄ ልገድላት ነበር እኮ።" ከጉያዋ በቢጫ ክር የተሠራች የሕፃን ቆብ አወጣችና ጫፏን ብቻ በሁለት ጣት ይዛ ጠረጴዛው ላይ ጣለቻት። "አንቺ አድርሺልኝ። ያንቺ እጅ ንጹሕ ነው። እናቴስ ካለችሽ፣ መንገድ ላይ ናት በያት።"

ኦኖሪን ደስ አላት፤ ምን ይደበቃል፣ እስከ እግር ጥፍሯ ድረስ ደስ አላት።

በዚህ መሐል የሶላንዥ ስልክ ጮኸ። ከተከፈተው ቦርሳዋ ውስጥ የክሌማንስ ስም በራ። ሶላንዥ ልታነሳው እጇን ሰደደችና እንደተቃጠለ ሰው መልሳ ሳበችው።

"በድምፅም ይሻገራል?" ብላ ጠየቀች።

አይሻገርም ማለት ይቻል ነበር። ይህችን እንኳ መተው ይቻል ነበር። ኦኖሪን አፏን ከፈተች።

"ይሻገራል" አለች።

ሶላንዥ አንገቷን ነቀነቀች። ሁለት እጇን ብብቷ ውስጥ ወሽቃ፣ በሩን በትከሻዋ ገፍታ ወጣች፤ ስልኩ ከነጩኸቱ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር። ደረጃውን ስትወርድ ኦኖሪን እየሰማች ነው። ስልኩ ዝም አለ። ሶላንዥ መታጠፊያው ላይ ቆመች። ከዚያ እንደገና መጥራት ጀመረ፣ እሷም ሳታነሳው መውረዷን ቀጠለች።