የአያ የሺዋስ ማሲንቆ

አገኘሁ ደባርቅ ገበያ ዳር ማሲንቆ እየሠራ የሚኖር፣ እጁ የተመሰከረለት ሰው ነበር። ስሙን ያጠፋበት አንድ ደንበኛ ብቻ ነው፤ አያ የሺዋስ።

አያ የሺዋስ ከዳባት ወዲህ ካለ መንደር የሚመጡ፣ ጎተራቸው የሞላ ገበሬ ናቸው። በስተርጅና ማሲንቆ አማራቸውና ገዙ። በሳምንቱ ጭራው ተበጥሶ መለሱት።

"ምን ዓይነት ሥራ ነው ይሄ?" አሉ፣ ገበያተኛው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብለው።

አገኘሁ አዲስ ጭራ አሰረ፣ ቃኘው፣ ራሱ መትቶ አሰማቸው። "እስቲ ይሞክሩት" ቢላቸው ግን ተቆጡ።

"እኔ? በገበያ መሐል? የጨዋ ልጅ ነኝ እኮ! የምጫወተው ቤቴ ነው።"

በሌላው ቅዳሜ ቆዳው ተቀዶ ተመለሰ። ከዚያ አንገቱ ተሰንጥቆ። ከዚያ ደግሞ ደጋኑ ጭራሽ ጠፋ።

"ደጋን ሲጠፋም የሠሪው ጥፋት ነው?" አለ አገኘሁ።

"ደህና ደጋን ቢሆን ከቤት መቼ ይወጣ ነበር!" አሉት።

ወሬ እግር የለው፣ አገር አዳረሰ። "የአገኘሁ ማሲንቆ ቅዳሜን አይሻገርም" ተባለ። አዝማሪው ሁሉ ደባርቅን እየዘለለ ዳባት ወዳለው ሠሪ፣ ወደ ቢራራ ይሄድ ጀመር። አገኘሁ እህል አልወርድለት አለ። ሙያውን ትቶ አዲ አርቃይ ወርዶ በርበሬ ሊነግድ ሁሉ አሰበ።

አንድ ቀን ግን ዳግም ተበጥሶ የተመለሰውን ጭራ ወደ ብርሃን ይዞ ሲያየው ደሙ ፈላ። ጭራው አልተበጠሰም፤ ተቆርጧል። ያውም በምላጭ፣ ግማሹን ብቻ፣ ጨዋታ ሲጀመር ጧ እንዲል ሆኖ። ገበሬ ይህን አያውቅም። ይህ የሠሪ እጅ ነው።

"ቢራራ!" አለ ጥርሱን ነክሶ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የተጠገነውን ማሲንቆ አንግቶ፣ ዳባት በሚወርድ አይሱዙ ተሳፍሮ አያ የሺዋስ መንደር ደረሰ። ደንበኛውን ስለ ጠላቱ ሊያስጠነቅቅ ነው። ደጃፉን አልፎ ሲገባ መደቡ ላይ ዘና ብሎ የተቀመጠው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ቢራራ! በአንድ እጁ የጠላ ዋንጫ፣ በሌላው ምላጭ ይዟል። የቤቱ እመቤት ገበያነሽ እንደ ክርስትና አባት ታስተናግደዋለች።

አገኘሁ ዘሎ አነቀው።

"አንተ እርጉም! እንጀራዬን በምላጭ ትቆርጣለህ?"

"ልቀቀኝና ላስረዳህ!"

"ምኑን ነው የምታስረዳኝ? ስሜን አጥፍተህ ደንበኛዬን ወሰድክ! አሁኑኑ ሽማግሌ ፊት ትቆማለህ!"

ገበያነሽ መሐል ገባች። "በእመቤቴ ይዤሃለሁ፣ ጥቂት ቆይ! ፍርዱ ይደርሳል፤ ጥቂት ብቻ ቆይ!"

ይህን ጊዜ አያ የሺዋስ ከቤተ ክርስቲያን ሰንበቴ ተመለሱ። ማሲንቆውን ሲያዩ ፊታቸው በራ።

"መጣችልኝ! እግዜር ይስጥህ ልጄ። ቁጭ በል፣ ቤቴ መጥተህማ ሳትሰማኝ አትሄድም።"

ገበያነሽ ነጠላዋን በጆሮዎቿ ላይ አጥብቃ አሰረች። አያ የሺዋስ ዓይናቸውን ጨፍነው ደጋኑን ሳቡ፤ ድምፃቸውንም ለቀቁ።

ደጅ የታሰረችው በቅሎ ችካሏን ነቅላ ሸሸች። ላሟ የምታጠባውን ጥጃ ጥላ ግድግዳ ልትወጣ ቃጣች። ከጎረቤት ደግሞ ካልጋ አይነሡም የሚባሉት አባ ሀብተ ሚካኤል ጋቢያቸውን እየጎተቱ፣ ማንም ሳይደግፋቸው በእርሻው መሐል ሲሮጡ ታዩ።

አገኘሁ ተነሥቶ ቅኝቱን አየ፤ ልክ ነው። ቆዳውን ዳሰሰ፤ ልክ ነው። ተመልሶ ተቀመጠ። ግንባሩን አላብ አጠመቀው።

አያ የሺዋስ በመጨረሻ ዓይናቸውን ገለጡ። እንባ አቅርረዋል።

"ይሄ ገና መግቢያው ነው" አሉ። "ዋናውን ሰው ሁሉ ሊሰማው ይገባል። ጎረቤቱን ጠርቼ ልምጣ።" ማሲንቆውን በክብር መደቡ ላይ አጋድመው ወጡ።

አገኘሁ እጁን ወደ ቢራራ ዘረጋ።

"ወንድሜ" አለው፣ "ምላጩን ቶሎ አቀብለኝ።"