የሎሻ ድርሻ

ጎረቤት ቤት ልጃገረድ ለጋብቻ ሊጠይቁ የመጡት ሽማግሌዎች የቀዱላትን የለስላሳ መጠጥ፣ ሎሻ ከንፈሯን ብቻ አስነክታ ወደ ያዘችው ጠርሙስ ገለበጠች። በቺያፓስ ተራሮች የተቀዳ መጠጥ አለመቀበል ነውር ነው፤ ወደ ቤት መውሰድ ግን ይፈቀዳል። ታላቅ እህቷ ማታል የራሷን ጨልጣ የሎሻን ቀጭን ወገብ በቅናት አየች። የማታልን እግር ግን ስኳር በሽታ አሳብጦታል።

«አንቺማ መርፌ አከልሽ!»

«አፍን ከጣፋጭ መያዝ ነው እታለም፤ ሌላ ምስጢር የለውም።»

«መንግሥት መጀመሪያ ቧንቧውን ይልቀቅልኝ! ውሃ ሲጠፋ ምን ልጠጣ?»

«ብርጭቆውንስ አፍሽ ላይ የደፋው መንግሥት ነው?» አለች ሎሻ። አብረዋቸው የተቀመጡት ሴቶች ሳቁ።

ወደ ቤት ለመሄድ ሲነሱ ሎሻ እንደ ወትሮው የሞላውን ጠርሙስ ለማታል አቀበለቻት። «ለልጆችሽ።»

ማታል ከየድግሱ የሎሻን ስንት ጠርሙስ ቤቷ ወስዳ ከልጆቿ ጋር እንደጨረሰች ታሰባት። ክዳኑን አጥብቃ ዘጋችና ጠርሙሱን እህቷ እግር ሥር አስቀመጠችው።