የጥጉ ኮምፒውተር

ኮምፒውተር በነጻ ከማሠለጥናቸው የሰፈራችን ችግረኛ ሴቶች መካከል ይህቺን አላመንኳትም። ባሏ ባሕር ሲሻገር ሰጠመ ተብሎ ከተረዳች ሦስት ዓመት ሆኗታል፤ ዛሬም የእሱ ፎቶ የታተመበትን ጥቁር ቲሸርት አላወለቀችም። ሁልጊዜ ማንም ሳይቀድማት ጥግ ያለውን ኮምፒውተር ትይዛለች፤ ስጠጋት ስክሪኑን በነጠላዋ ትከልላለች። አንድ ማውዝ ከጠፋብን ወዲህ ዓይኔን ከእሷ ላይ አልነቀልኩም።

ዛሬ እጅ ከፍንጅ ልይዛት ቀስ ብዬ ከኋላዋ ቆምኩ። አሮጌ ኮምፒውተሮቹን የለገሰን ፎቶ ቤት ሳያጠፋው የቀረ የሰርግ ፎቶ ከፍታለች፤ ግርጌው ላይ የአምና ቀን አለ። ኬክ የሚቆርሰው ሙሽራ ቲሸርቷ ላይ ያለው ሰውዬ ነው።

«መምህር» አለችኝ ዞር ሳትል፣ «ፎቶ ማተም የሚያስተምሩን መቼ ነው?»