ከኋላ ወንበር የሌላት

ሹፌሩ በመኪናዋ በር ጎንበስ ብሎ እጁን ከወንበሩ ጀርባ ሰዶ፣ ቀለበት እንደጠፋበት ሰው ይዳብሳል። የጣቶቹ ጫፍ ግድግዳ ይነካል። ከዚያ ወዲያ ምንም የለም።

«ምን ጠፍቶባቸው ነው?» ይላል ሻጩ ወደ ሹፌሩ ሚስት ጠጋ ብሎ።

«ምንም እንዳይገኝ ነው የሚፈልገው» ትላለች።

ሻጩ የጥርስ ሐኪም ነው። አፉን የከፈተ ሰው የሚነግረውን ባይረዳም «እሺ» ማለት ለምዷል። «እሺ» ይላል። ቀዩዋን ጃፓን ሠራሽ የስፖርት መኪና ከልቡ ይወዳታል፤ ግን ባለቤቱ መንታ ተገላገለች። ባለ ሁለት ወንበር መኪና ላለው ሰው ደግሞ መንታ ማለት የስንብት ደብዳቤ ነው።

«እውነቱን ልንገርዎት ጋሼ። ሞተሯ ዘይት በሰዓቱ ካገኘ ሁላችንንም ይቀብራል። ነዳጅ ትቀምሳለች እንጂ አትጠጣም። መሪዋ ሐሳብ ያዳምጣል፤ ልዙር ብለው ሲያስቡ ዞራለች።»

«ጉድለቷስ?»

«ዝቅ ያለች ናት። መንገድ ላይ ያለ ጉብታ ሁሉ ሆዷን ያክካታል። ሲገቡ ይወድቃሉ፣ ሲወጡ ሰው ይጣራሉ። ከአንድ ሻንጣ በላይ ካለዎት ሁለተኛውን እትዬ ናቸው የሚታቀፉት። ደግሞም እንደሚያዩት ከኋላ ወንበር የላትም።»

«እሱን ከጉድለት አትቁጠረው» ይላል ሹፌሩ።

«የልጅ ልጆቻችንን ኮፈኑ ላይ እናስራቸዋለን» ትላለች ሚስቱ። ትቀልዳለች እንጂ ምክንያቱን ከማንም በላይ ታውቀዋለች።

ሹፌሩ ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ ነድቷል። አንድ ዝናባማ ቀን፣ ገደል አፋፍ ላይ ወዳለ ኩርባ ሲቃረብ፣ ከመጨረሻው ረድፍ አንዲት ሴት «ወራጅ አለ» አለች። «ኩርባውን ልለፍና» አላት። ኩርባ ላይ አይቆምም፤ መንጃ ፈቃድ ያለው ሁሉ ያውቀዋል። ኩርባው ላይ ግን መንገዱ ከኋላ ጎማው ሥር ተናደ፤ አውቶቡሱም በጀርባው ተንሸራቶ ገደል ገባ። ከፊት የተቀመጡት ተረፉ። ከመጨረሻው ረድፍ የወጣ የለም። መርማሪውም ዳኛውም «ልክ ነህ» አሉት። ልክ መሆን እንዲህ እንቅልፍ እንደሚነሣ የነገረው አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ መሪ አልጨበጠም። ምግቡን ግድግዳ ተደግፎ ይበላል። አዳራሽ ሲገባ ማንም ከኋላው እንዳይቀመጥ መጨረሻው ረድፍ ላይ ይሰየማል። ፀጉር ቤት መሄድ እንኳ ትቷል፤ ፀጉር አስተካካይ ከኋላ ይቆማላ። ሚስቱ ከፊቱ ቆማ ትቆርጥለታለች፣ ማጅራቱን እሱ ራሱ በዳበሳ ይጨርሰዋል፤ አይጥ የቆረጠመው ይመስላል። ያቺን መኪና ያየ ቀን ነው «ይህችን ካልነዳሁ ሌላ አልነዳም» ያላት።

ሻጩ ቁልፉን ያንጠለጥላል። «ሦስት ሰው ስለማትይዝ እኔ እዚሁ እጠብቃለሁ። መያዣ ግን ይተዉልኝ፤ ወይ መታወቂያ፣ ወይ እትዬን።»

«መታወቂያውን ውሰድ» ትላለች ሚስቱ። «እኔን ከያዝክ አይመለስልህም።»

እየተደጋገፉ ይገባሉ። ሹፌሩ ቁልፉን ያዞራል።

ድምፁ ከፊት አይመጣም። ከማጅራቱ ሥር ይመጣል።

ሻጩ በመስኮቱ ጎንበስ ይላል። «ረስቼው ጋሼ፤ የዚች ሞተሯ ከወንበሩ ጀርባ ነው። ሚዛኗን የሚጠብቅላት እሱ ነው። ከጥንካሬዎቿ ሁሉ ትልቁ።»

ሚስቱ ክንዱን ትይዘዋለች። «እንውረድ?»

«ቀበቶሽን እሰሪ» ይላል።

እግሮቹ አልረሱም። መኪናዋ እንደ ውሃ ትፈሳለች። መሪዋ እውነትም ሐሳብ ያዳምጣል፤ ችግሩ ሐሳቡ ነው። ከጀርባው፣ ከስሱ ግድግዳ ማዶ፣ ረጅም መንገድ የደከማቸው ሰዎች ድምፅ ይሰማዋል፤ ያንኮራፋሉ፣ ያጉተመትማሉ፣ ማርሽ ሲቀይር አንዱ ይስላል። ስፖኪዮውን ቀና ብሎ ያያል። መንገድና ሰማይ ብቻ።

ቤቶቹ ሲያልቁ መንገዱ ኮረብታውን ተጠግቶ ይወጣል። ከፊት ለፊት ኩርባ አለ። እግሩን ከነዳጁ ያነሣል። ከኋላ ያለው ጉምጉምታ ዝቅ ይላል፤ አንድ ሰው ሊናገር ሲል ሌሎቹ ዝም እንደሚሉት።

«ሰማሽ?»

«ምኑን?»

ሹፌሩ ፍሬቻ ያሳያል፤ ከኩርባው ገና በሩቁ ጥጉን ይይዝና ያቆማል። ሞተሩን ግን አያጠፋም። ሁለት እጆቹ መሪው ላይ ናቸው።

«በርሽን ክፈቺው» ይላል።

ሚስቱ ለአፏ የደረሰ ቀልድ ነበራት። ፊቱን ስታይ ትውጠዋለች። በሩን ከፍታ፣ ጣራውን ተደግፋ፣ ጉልበቷን እየረገመች ትወጣለች። ከዚያ ማንም ሳያዛት የራሷን ወንበር መደገፊያ ወደ ፊት ታጥፋለች። በሩን እንደ አውቶቡስ ረዳት በአንድ እጇ ይዛ መንገድ ትለቃለች።

«ቀስ ብላችሁ» ትላለች ወደ ውስጥ። «ዝቅ ያለች ናት።»

ሹፌሩ ወደ ኋላ አይዞርም። ዓይኑ ኩርባው ላይ ነው። ነፋስ በተከፈተው በር ይገባል።

«ወርደው ጨረሱ?»

ሚስቱ ውስጡን ታያለች። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ትላለች።

«አንዲት ቀርታለች» ትላለች፤ ድምፅዋ ውስጥ ቀልድ የለም። «ዕቃዋን እየሰበሰበች ነው።»

ሹፌሩ እግሩን ፍሬኑ ላይ እንዳደረገ ይጠብቃል።