«ይሰማሃል?» እያለ የሚነዘንዘው

ሥራ አስኪያጁ ተቀምጦ ስልክ ማውራት አይሆንለትም። ያን ዕለትም ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ከቢሮ ወደ በረንዳ፣ ከበረንዳ ወደ ቢሮ ይመላለሳል። ወዲያ ማዶ ያሉት ትልቁ ደንበኛ ናቸው፤ ውሉን ለማደስ ሲያቅማሙ የከረሙ ሰው።

«በራሳችን መስመር ነው እኮ የማነጋግርዎት፤ ጥራቱን አያዩትም?» ይላቸዋል።

ድርጅቱ ሰውን ከሰው በኢንተርኔት ስልክ ያገናኛል። ደዋይ ከቤቱ ወጥቶ መንገድ ሲገባ ኔትወርኩ ከዋይፋይ ወደ ሞባይል ዳታ ይቀየራል። ያኔ ስልኩ ሰርቨሩን፣ «አሁን በዚህ በኩል ነኝ፤ ይሰማሃል?» ብሎ ይጠይቃል። ሰርቨሩ «ይሰማኛል» ካለው ወሬው ሳይቋረጥ ይቀጥላል። አንዴ መጠየቅ፣ አንዴ መመለስ ይበቃል።

ዛሬ ግን አንድ የኢንተርኔት አድራሻ መልሱን እንኳ ሳይጠብቅ ያንኑ ጥያቄ ደጋግሞ ይልካል። ሰርቨሩ ለእያንዳንዱ ልመልስ ሲል ሥራ ተደራረበበት፤ የሌላው ሰው ጥሪ መንተባተብ ጀመረ። ሰርቨሩን የምትጠብቀው ቴክኒሻን ይህንኑ ለሥራ አስኪያጁ ነገረችው።

«ሌባ ነው» አለ ሥራ አስኪያጁ ስልኩን በመዳፉ አፍኖ። «ሌባ ከመግባቱ በፊት ያንኳኳል፤ ሰው መኖሩን ሊያጣራ። ያ ተጣልቶን ከሥራ የወጣው ጓደኛሽ ነው የሚሆነው።»

«ኧረ ጋሼ፣ ኃጢአት አይግቡ» አለች ቴክኒሻኗ።

«ጠበቃው ሆንሽ? ስሚ፣ ዛሬ ይሄ ነገር አንድ ጉድ ቢያመጣ ቦርሳሽን አንጠልጥለሽ ነው የምትሄጂው።»

ብቻዋን ልጆች የምታሳድግ ሴት ናት። ወደ ኮምፒውተሯ ዞረች።

ደንበኛው ለምሳ ሲሰናበቱ ሥራ አስኪያጁም ሊበላ ወረደ። ጥያቄው ጸጥ አለ።

«ሌባም ምሳ ይበላል ለካ!» ብላ ሒሳብ ሠራተኛዋ ሳቀች።

ከምሳ በኋላ ግን ባሰበት። ሥራ አስኪያጁ ደንበኛው ጋ መልሶ ደውሎ የበረንዳው ደፍ ላይ፣ አንድ እግሩን ውስጥ አንድ እግሩን ውጭ አድርጎ ቆሟል። «እኛ ጋ መቆራረጥ የሚባል ነገር የለም ጌታዬ፤ እስክሪብቶውን ያዙት?» እያለ፣ በእጁ ለቴክኒሻኗ አድራሻውን እንድትዘጋው ይጠቁማታል።

ቴክኒሻኗ ጠጋ ብላ አንሾካሾከች። «ጋሼ፣ ባንዘጋው ይሻላል። መጨረሻ ለጠየቀው ብቻ እንመልስና ትርፉን እንጣለው። ሌባ ካልሆነም አንበድለውም።»

ስልኩን እንደገና አፈነ። «ለሌባ ደግሞ ርኅራኄ! ዝጊው አልኩሽ!»

«በኋላ በእኔ እንዳይሆን።»

«በእኔ ይሁን! ይኸው ሁሉም ይስማ፤ ያዘዝኩት እኔ ነኝ። አሁኑኑ ዝጊው!»

ቴክኒሻኗ ወደ ወንበሯ ተመለሰች። በልቧ አምላኳን ጠርታ አድራሻውን ዘጋችው።

ሰርቨሩ ተነፈሰ። የተንተባተበው ጥሪ ሁሉ ጠራ። ሒሳብ ሠራተኛዋ አጨበጨበች።

ከበረንዳው በኩል፣ «ሃሎ? … ጌታዬ? … ሃሎ!» የሚል ድምፅ ተሰማ።