የእማማ አደሴ ምስክርነት

«ሞቷል ብዬ አልምልም» አሉ እማማ አደሴ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

የሸሪዓ ፍርድ ቤቱ ቃዲ ሼኽ ሙዘይን ብዕራቸውን አስቀመጡ። ከጠዋት ጀምሮ ስምንት ባለጉዳይ አስተናግደዋል፤ ጉልበታቸውን ይጠዘጥዛቸዋል፤ የቃሊቲ ሙቀት ከቆርቆሮው ጣሪያ ወርዶ ጠባቧን ክፍል ሞልቷታል።

የእማማ አደሴ ልጅ ሮሪሳ ከሰባት ዓመት በፊት በጀልባ ወደ የመን ተሻገረ። ከዚያ ወዲህ ስልክ የለ፣ አየሁት ያለ ሰው የለ። ሚስቱ ኢፍቱ አቃቂ ክር ፋብሪካ እየሠራች አማቷን ትጦራለች። አሁን ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ ላግባሽ ያላት ሰው አለ። የጋብቻው ኒካ እንዲፈርስ ያመለከቱት ግን አማቷ ናቸው። እሷ አጠገባቸው አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች።

ሼኹ በወጣትነታቸው ወሎ ውስጥ ደረሳ ሆነው ሲማሩ ያነበቡት ኪታብ፣ የጠፋ ሰው ሚስት እኩዮቹ በዕድሜ እስኪያልቁ ትጠብቅ ይላል። ከሃያ ዓመት በፊት አንዲትን ሴት በዚሁ ቃል መልሰዋታል። አምና ጀናዛዋ ላይ ያሰገዱት ራሳቸው ናቸው። እስከ ዕለተ ሞቷ የዚያ የጠፋ ሰው ሚስት ነበረች።

«አልሞተም ካሉ፣ ሚስቱን ለምን ያፋቷት ይሉኛል?» ሲሉ በድካም ጠየቁ።

«እኔ እናቱ ነኝ፤ እስክሞት እጠብቀዋለሁ። እሷ ግን ምን በወጣት?»

ሼኹ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ኪታቡን የጻፉት ሰዎች ወሬ በግመል በሚመጣበት ዘመን የኖሩ ናቸው። ዛሬ ከባሕር ማዶ መደወል ደቂቃ አይፈጅም። ደግሞስ ሸሪዓው ነፍስንና ዘርን ሊጠብቅ ከመጣ፣ ሴትን በቁሟ ይቅበር ያለው ማን ነው? ኋላ የመጡ ዑለሞች ስለ ሰውየው ሞት ሳይፈርዱ፣ በሴቲቱ ላይ ስለደረሰው ጉዳት ብቻ ማፋታት እንደሚቻል ጽፈዋል። ሼኹም ይህን ካነበቡ ዓመታት አልፈዋል። በገዛ እጃቸው ለመጻፍ ግን ሲፈሩ ኖሩ።

የሞት ምስክርነት ብለው የጀመሩትን ወረቀት አጥፈው ወደ ጎን አደረጉና ሌላ አወጡ።

«ሞቷል አይበሉ» አሉ። «ሰባት ዓመት ድምፁ ጠፍቷል፤ እሷም ተጎድታለች። ይህን ይመሰክራሉ?»

እማማ አደሴ ዞረው ኢፍቱን አዩአት።

«እሱን እመሰክራለሁ።»

ሼኹ ጻፉ። ሁለት ጊዜ ቃል ሰረዙ። ሲጨርሱ፣ ሦስት ወር ያህል ዒዳዋን ከጠበቀች በኋላ ማግባት እንደምትችል ለኢፍቱ ነገሯት። ኢፍቱ ራሷን ነቀነቀች። አሮጊቷ አውራ ጣታቸውን ቀለም ውስጥ ነክረው ፈረሙ። ጣታቸውን ከወረቀቱ ሳያነሡ፣

«ቢመጣስ?» አሉ።

ሼኹ የሚያውቁትን ኪታብ ሁሉ በሐሳባቸው ገለጡ።

«እናቱን ያገኛል» አሉ በመጨረሻ።

ኢፍቱ ተነሥታ የእማማ አደሴን አውራ ጣት በሻሿ ጫፍ ትጠርግ ጀመር። ቀለሙ አልለቅ አላት። ሼኹም ቀጣዩን ባለጉዳይ ሳይጠሩ ጠበቁ።