ሁለተኛው ጓንት

«ሸጥሽኝ ወይስ አልሸጥሽኝም? እሱን ብቻ ንገሪኝ» ትላለች ማሳን፣ ፊቷን ከዓሣ ማጨሻ ምድጃዋ ሳትመልስ።

ልጇ አዮኮ የግቢው በር ላይ ቆማለች። በጠዋት ከዋና ከተማው ከሎሜ ተሳፍራ ነው የመጣችው፤ ዓይኗ እንቅልፍ አላየም።

«ማንንም አልሸጥኩም፣ እማዬ። ልግባ?»

«ትናንት እዚያ ቤት ገባሽ?»

«ገባሁ።»

«እንግዲያው እዚያው ግቢ።»

ማሳን ሽቦው ላይ የተደረደረውን ዓሣ በባዶ እጇ ታገላብጣለች። እሑድ ነው፤ እሷ ግን ቤተክርስቲያን አልሄደችም። ባለፈው እሑድ የመዘምራኑ ሴቶች ከጎኗ አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ክፍት ትተው ነው የተቀመጡት። ልጅሽ ፍሪሜሶን ልትሆን ነው አሏት። እነሱ ከተማ፣ አኔሆ ውስጥ፣ ፍሪሜሶን ማለት ለሹመት ሲል የሰው ነፍስ የሚያስረክብ ነው። አዋላጅ ከሆነች ደግሞ፣ አለች ጎረቤቷ ማብሌ አፏን በመሐረብ ሸፍና፣ የምታስረክበው ሕፃን አይቸግራትም። ማሳን ያንን ሰምታ እንዴት ቤቷ እንደደረሰች አታውቅም። ሐሙስ ዕለት ለልጇ በስልክ ቁርጡን ነገረቻት፤ «ከገባሽ እናት የለሽም።»

ገባች። ገብታም ደግሞ መጣች። ድፍረቱን ከማን እንደወረሰችው ማሳን ታውቃለች፤ ይበልጥ ያናደዳትም እሱ ነው።

«የትኛው ሚኒስትር ጎን አስቀመጡሽ?»

«ሚኒስትር የለም። ሚኒስትሮቹ የሚሄዱበት ሌላ ነው፤ እዚያ ሴት አይገባም። የኛ አንድ ክፍል ነው፣ ጣሪያው ያፈሳል። ወንዱም ሴቱም፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ምንም የማያምነውም አንድ ላይ እንቀመጣለን።»

«ተቀምጣችሁስ?»

«እንነጋገራለን። አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጥም።»

«ውሸታም!»

«እውነቴን ነው። እኔማ ዓመት ሙሉ ጭራሽ አልናገርም። አዲስ የገባ ሰው ሥራው ማዳመጥ ነው።»

ማሳን ዞር ትላለች። «አንቺ? ዓመት ሙሉ ዝም?» ሳቁ ሳታስበው ያመልጣታል፤ ጭስ ገብቷት እስክታስል ድረስ ትስቃለች። «ከተወለድሽ ጀምሮ እኔን ያቃተኝን እነሱ በአንድ ምሽት! በቃ፣ ድግምት ነው የሚሉት እውነት ነው።»

አዮኮም እየሳቀች ሁለት እርምጃ ወደ ውስጥ ትገባለች።

«ሳቀች ብለሽ እንዳትቀርቢኝ። ደሞዝ አለሽ፣ ቤት አለሽ፤ ምን ጎደለሽ?»

አዮኮ መሬት መሬት ታያለች። «አንዲት እናት እጄ ላይ ስትሞት ሐኪሙ እግዜር ፈቀደ ይላል፣ አለቃው በጀት የለም ይላል፣ ከዚያ ሁሉም ወደ ቤቱ። እዚያ ቤት ያሉት ሽማግሌዎች ግን ሊቀበሉኝ ሲጠይቁኝ ይሄንን ብነግራቸው፣ ለምን ሞተች፣ ማን ምን ማድረግ ይችል ነበር እያሉ አመሹ።»

«አምሽተው አስነሷት?»

«አላስነሷትም። እያረጁ ነው፣ እማዬ። እኛ ካልተካናቸው ነገሩም አብሯቸው ይቀበራል።»

«ይቀበራ!»

ይህን ብላ ዓሣው ላይ ልታጎነብስ ስትል አዮኮ ከቦርሳዋ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር ታወጣለች። ነጭ ጓንት ነው።

«ለሚገባ ሰው ሁለት ጥንድ ይሰጡታል። አንዱ የኔ ነው። ይሄኛውን ከሰው ሁሉ ለምታከብሪው ሰው ስጪ አሉኝ።»

ማሳን ጓንቱን በሩቁ ትመዝነዋለች። ትልቅ ነው። «የወንድ ነው ይሄ። ለዚያ ለፈታሽው ሰውዬ ነው? ልታሳዪኝ ነው ያመጣሽው?»

«ድሮ ሁሉም ወንዶች ነበሩ፤ ሁለተኛውን ጓንት ለሴት ነበር የሚሰጡት። እኔ ሴት ስሆንባቸው ተማከሩና፣ እንግዲህ ሴት የምታከብረው ወንድ ነው ብለው የወንድ ገዙ።»

«አንቺስ ምን አልሻቸው?»

«እንዳልናገር ተብያለሁ አላልኩሽም?»

«እኩል ነን የሚሉት እነዚህ ናቸው?»

«እነዚሁ ናቸው።»

«ገና ብዙ ይቀራቸዋል።»

«ብዙ። ዓመቱ ይለቅ ብቻ፣ እነግራቸዋለሁ» ትላለች አዮኮ፤ እናቷ እግር ሥር ተንበርክካ አንዱን እጇን ትስባለች።

«ተይ፣ እጄ ይሸታል።»

«አውቀዋለሁ። በሱ ነው የተማርኩት።»

ማሳን እጇን ልትነጥቅ ትልና መልሳ ሽርጧ ላይ ትጠርገዋለች፤ ከዚያ ትሰጣታለች። ጨውና እሳት ያሳበጣቸው ጣቶች ናቸው፤ ሱቅ ውስጥ ያለ የሴት ጓንት ከመገጣጠሚያቸው አያልፍም። አዮኮ የምታጠልቅላት ይሄኛው ግን እስከ አንጓዋ ድረስ ሳይጠብ ይገባል። የሌላው እጇም ይገባል።

«ሞኞች» ትላለች። «ሳያውቁ ለኔ ገዙ።»

ቁጭ ብላ እጆቿን አየር ላይ ይዛቸዋለች። እንዲህ በነጣ እጅ ምን እንደሚነካ አታውቅም።

የቤተክርስቲያኑ ጸሎት አልቆ ሴቶቹ በመንገዱ እያለፉ ነው። ማብሌ አጥሩ ላይ ትንጠለጠላለች። «እትዬ ማሳን! ኧረ ዓሣሽ እያረረ ነው!» ዓይኗ ግን ዓሣው ላይ አይደለም።

ሽታው ማሳንን ቀድሞ ደርሷታል። እጆቿን ግን ሽርጧ ውስጥ አትደብቅም።

«ይረር» ትላለች ጮክ ብላ። «ልጄ መጥታለች።»

ጭሱ እየጠቆረ ግቢውን ይሞላል። ሁለቱ ነጫጭ እጆች ግን የአዮኮን ፊት ከግራና ከቀኝ እንደያዙ ናቸው።